ትል የተነከረበት አረቄ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተቀበለኝ የበግ ጉበት ነው። ቃሊቲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በፋብሪካ አጥሮች መሀል ተሸጉጦ የነበረው የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ገብቼ "የተመደብኩት ጀማሪ ቴክኒሺያን ነኝ" ስል፣ አለቃዬ ዶክተር ስዩም ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ አንድ ሳህን ገፋ አደረጉልኝ። ሳህኑ ላይ ጉበት ተጋድሟል።

"ትል አውጪ" አሉኝ።

"ከየት?"

"ከኔ ኪስ ነው? ከጉበቱ ነዋ!"

አዲሱ መንግሥት ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ የአቃቂ በሰቃ ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከነጭ ጋዋን በቀር ስለ ላቦራቶሪ ምንም የማላውቅ። ጉበቱን ስሰነጥቀው ቅጠል የመሰለ ጠፍጣፋ ነገር ተንሸራቶ ወጣና እጄ ላይ ተለጠፈ። ጩኸቴ ግቢውን አናወጠው። ዶክተር ስዩም ያን ጊዜ ቀና አሉ። "በቃ ተዋወቃችሁ። ከዛሬ ጀምሮ እንጀራሽ ይሄ ነው" አሉኝ። የዚያን ዕለት ምሳዬን ሳልነካው ወደ ቤቴ መለስኩት።

የእኔ ሥራ ስላይድ መሥራት ነው። ትሉን በሁለት መስታወት መሀል ጠፍጥፈሽ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ታጠነክሪዋለሽ፤ ካርሚን በሚባል ቀይ ቀለም ታቀልሚዋለሽ፤ ውኃው እንዲወጣለት ከቀላል ወደ ጠንካራ አልኮል ታሸጋግሪዋለሽ፤ በመጨረሻ በሙጫ ታሽጊዋለሽ። የውስጡ ነገር ማየት ካስፈለገ ደግሞ በሰም ትቀብሪውና ማይክሮቶም በሚባለው ማሽን እንደ ሞርታዴላ ስስ ስስ አድርገሽ ትቆርጪዋለሽ። እጅሽ ከተንቀጠቀጠ ትሉም ሄደ፣ ቀኑም ሄደ።

በሁለተኛው ቀን አልኮል አምጪ ተብዬ ንብረት ክፍል ተላክሁ። የንብረት ክፍሉ ሹም አቶ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው። ወንድሞቻቸው ሳሪስ አቦ ገበያ ሱቅ አላቸው፤ እሳቸውም ሱቃቸውን መንግሥት መጋዘን ውስጥ የከፈቱ ያህል ነው፤ ልዩነቱ አይሸጡም፣ አይሰጡም። ሞዴል 22 የሚባለውን ቅጽ ሞልተሽ፣ አስፈርመሽ፣ ማኅተም አስመትተሽ ካልመጣሽ እሳቸው ዘንድ አየር መሳብም ክልክል ነው።

የሰጡኝ አልኮል ሰማያዊ ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ምን ነካው?" አልኳቸው።

"ቀለም ነው። እኔ ነኝ የጨመርኩበት።"

"ለምን?"

"ከኔ በፊት የነበሩት ሠራተኞች በብርቱካን እየበረዙ ጨረሱታ! እኔ በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም፤ ሰው ምን አይቶበት እንደሚጠጣው አላህ ይወቅ። ግን ሰማያዊ ነገር ማንም አይጠጣም።"

ይህ የግቢያችን ሕግ ሆነ። ሰማያዊ ከሆነ መርዝ ነው፤ ነጭ ከሆነ የሚጠጣ ነው። የትም አልተጻፈም፤ ከዳይሬክተሩ እስከ ጽዳቷ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከሁሉም አብልጠው የሚያውቁት ደግሞ የበር ዘበኛችን ጋሽ ወልዴ ናቸው።

ጋሽ ወልዴ ካፖርታቸውን በግንቦት ፀሐይ የማያወልቁ፣ ምላሳቸው እንደ ምላጭ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። ማታ ማታ በሰቃ እትዬ ብርቄ ቤት አረቄ ይጠጣሉ፤ ጠዋት ደግሞ "ለብርዱ" ብለው አንዲት መለኪያ ይደግማሉ። የቢሮ መስኮቶችን በየጠዋቱ የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው። እኔን ዘነቡ ይሉኛል። ስሜ ዘነበች ነው፤ ሌላው ሠራተኛ "የትል እናት" ነበር የሚለኝ።

እንዲህ እያልኩ ስድስት ዓመት ሠራሁ። የጉበት ትል፣ የኮሶ ትል፣ የሳንባ ትል፣ ምን ያልቆረጥኩት አለ። ዶክተር ስዩም ሳምንቱን ሙሉ የኮሶ ትል አብረውኝ ያያሉ፤ ቅዳሜ ደግሞ ቁርጣቸውን ይቆርጣሉ። "ዶክተር፣ ምነው?" ስላቸው "ሥራ ሌላ፣ ሆድ ሌላ" ይሉኛል።

በሰባተኛው ዓመት ግን ዶክተሩን ባሕር ጠራቸው። ጂቡቲ ለስብሰባ ሄደው በባቡር ሲመለሱ ቢጫ ጀሪካን ታቅፈው አቃቂ ጣቢያ ወረዱ። ጀሪካኑ ውስጥ የባሕር ውኃ፣ ውኃው ውስጥ ደግሞ ከድንጋይ ሥር የለቀሟቸው ጠፍጣፋ ትሎች ነበሩ። ግማሾቹ መንገድ ላይ ሟምተው ንፍጥ ሆነዋል። የተረፉት ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምሩ ነበር፤ ዳር ዳራቸው እንደ ሻሽ ጠርዝ እየተርገበገበ።

"ዘነበች፣ እነዚህ የኮሶ ትል ዘመዶች ናቸው" አሉኝ።

"ታዲያ ዘመዳቸው ቃሊቲ ሞልቶ የለም? ጂቡቲ ድረስ ምን አስኬደዎት?"

"እነዚህ መርዝ አላቸው።"

ነገሩን ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ራሱን እንደ ኳስ የሚነፋ አንድ የባሕር ዓሣ አለ፤ እሱ ያለው መርዝ አንዳንድ የባሕር ጠፍጣፋ ትሎችም ዘንድ ይገኛል። የተመረዘ ሰው መጀመሪያ ከንፈሩ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ ምላሱ፣ እጁ፣ እግሩ፤ መጨረሻ ላይ ትንፋሹ ይቆማል። ማርከሻ የለውም። አእምሮው ግን እስከ መጨረሻው አይነካም ማለት ይቻላል።

"ዓሣውና ትሉም ዘመድ ናቸው ሊሉኝ ነው?" አልኩ።

"አይደሉም። ጥያቄው እዚያ ላይ ነው። መርዝ ብቻውን ዘመድ አያደርግም። እነዚህ ትሎች ከአያታቸው ወርሰውት ነው ወይስ እያንዳንዳቸው ከሚበሉት ነገር ያገኙት? ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ በቅጡ መለየት አለብን። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።"

ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፈው ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን በእርሳስ አሰመሩ። ሁለት መርዛማ ወገኖች ስማቸው ተጽፏል። የጂቡቲው ትል የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ ቦታው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ። እታች፣ ጥግ ላይ የእኛ የኮሶ ትል ተቀምጧል።

"ይሄስ ለምን መርዝ የለውም?" አልኳቸው።

"አንቺ ምን ይመስልሻል?"

"ምን ያደርግለታል? ሰው ሆድ ውስጥ ኪራይ ሳይከፍል ተቀምጦ፣ እየበላ! ማን ሊበላው ይመጣል ብሎ?"

ዶክተር ሳቁና "ግምት ነው፤ ግን ጻፊው" አሉኝ። ጻፍኩት። ደስም አለኝ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ለስላይድ የሚሆኑትን በፎርማሊን አጠነከርኩ። ለመርዝ ምርመራው የሚቀመጡት ደግሞ አልኮል ያስፈልጋቸዋል፤ ሰማያዊው ቀለም ግን ምርመራውን ያበላሻል። ንጹሕ አልኮል ለመጠየቅ ሞዴል ሞላሁ። አቶ ሸምሱ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩና "ግዢ ይጠየቃል፤ ሦስት ወር ገደማ ነው" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ትሎቹ እስከዚያ ይሟሟሉ!"

"ይሟሙ። ሕግ አይሟሟም።"

ምን በወጣቸው ትሎቼ ይሟሙ? ያን ዕለት ከሥራ ስወጣ እትዬ ብርቄ ቤት ጎራ አልኩና ጠንካራውን፣ ዳግም የወጣውን አረቄ በኪሴ ገንዘብ ገዛሁ። ጠርሙሶቿ አንገት ላይ የእሷ መሆናቸው እንዲታወቅ ቀይ ክር ታስራለች። ትሎቹን አረቄው ውስጥ ነከርኳቸው። ዶክተር ንጹሑን ፈሳሽ አይተው "ከየት ተገኘ?" አሉ። "ተገኘ" አልኳቸው። እሳቸውም አልደገሙም። በኛ ግቢ የተገኘን ነገር ከየት እንደተገኘ ሁለት ጊዜ አይጠየቅም።

ከሳምንት በኋላ ፈሳሹን በአዲስ ቀየርኩት። ወጉም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያው ከትሉ በሚወጣ ውኃ ስለሚቀጥን ይለወጣል። አሮጌውን መድፋት ነበረብኝ። ግን በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን አረቄ በቧንቧ ልልቀቀው? ስላይድ መወልወያ ይሆነኛል አልኩና አጥልዬ ወደዚያው ቀይ ክር ወዳለበት ጠርሙስ መለስኩት። ክዳኑን ከድኜ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ወረቀት አልለጠፍኩበትም። "አረቄ፣ ትል የነበረበት" ብዬ ብጽፍ መንግሥት ቢሮ አረቄ ማስገባቴ ሊታወቅ ነው። ሆን ብዬ ነው ያልጻፍኩት።

ስላይዶቹ ተሠርተው አለቁ። ዓይናቸው፣ ጉሮሯቸው፣ የዘር ከረጢታቸው፣ ሁሉም ልክ በሁለቱ መርዛማ ወገኖች መሀል የሚገባ ነው። ዶክተር ደግሞ ከትሎቹ ሥጋ ጭማቂ አውጥተው አይጥ ወጉ። አይጧ ተወጋች፣ ዳቦዋን በላች፣ ተኛች። በማግሥቱም ዳቦ ፈለገች።

"መርዝ የለውም። ስላይድሽን እንደገና እዪው፤ ዘመዱን ተሳስተሽ ሊሆን ይችላል" አሉኝ።

"ስላይዴ አይዋሽም!"

"አይጧም አትዋሽም።"

ተናድጄ ሳልሰናበታቸው ወጣሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ስገባ ጋሽ ወልዴ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። "ዘነቡ፣ ከንፈሬ የኔ አልመስል አለኝ" አሉ፤ ቃላቸው ይጎተታል። ሁለት እርምጃ ተራመዱና ተንገዳገዱ። ሰው ተሰበሰበ፤ ሳቅ ሆነ። አቶ ሸምሱ "ኧረ ዛሬስ በጠዋቱ!" አሉ። ዶክተር ስዩም ደርሰው ተቆጡ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ምን ጠጡ?"

ጋሽ ወልዴ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው እኔው ላይ እንዳለ "ውኃ" አሉ።

ሮጬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጠርሙሱ ክሩ ተፈቷል፤ ፈሳሹ ቀንሷል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። መርዙ ከትሎቹ ወጥቶ አረቄው ውስጥ ቀርቷል። አይጧ ያልሞተችውም ለዚህ ነው። ጋሽ ወልዴም መስኮት ሊከፍቱ ገብተው፣ ነጩን ፈሳሽ ከእትዬ ብርቄ ክር ጋር አይተው ጠጥተዋል።

ወደ በሩ ስመለስ ሰዎቹ ዘበኛ ቤት አስገብተው አስተኝተዋቸዋል። "ይተኙና ይለቃቸዋል" አለ ሾፌራችን ታዬ። ሁሉም ወደየሥራው ሄደ።

እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ይከብደኛል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጀምሬው የነበረውን ስላይድ ሳብኩ፤ ሙጫውን ጠብ አደረግሁ፤ መስታወቱን ከደንኩ፤ አረፋውን በመርፌ አስወጣሁ። ምናልባት ትንሽ ነው የጠጡት፤ ምናልባት እውነትም ስካር ነው፤ ብናገር ከሥራ እባረራለሁ፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ይህን እያልኩ ስላይዱን አሽጌ ጨረስኩ። ከዚያ ተነሣሁ።

"ዶክተር፣ ጋሽ ወልዴ የጠጡት የትሉን አረቄ ነው" አልኩ።

"የምን አረቄ?"

"የተገኘው።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። በግቢው ፒካፕ ጭነን ወደ ሆስፒታል በረርን። ጋሽ ወልዴ መንገድ ላይ እጃቸውን ማንሳት አቃታቸው። ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ጎንበስ ብሎ አሸተታቸውና "እናቴ፣ ሰክረው ነው፤ ይተኙ" አለኝ።

"አልሰከሩም! ተመርዘዋል! ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ስም ያልጻፍኩበትም እኔ ነኝ። ትንፋሻቸው ሊቆም ነው!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ዶክተር ስዩም "የምትለው እውነት ነው" አሉ። ልጁ እግዜር ይስጠው፣ አልተከራከረም። ትንሽ ቆይቶ ትንፋሻቸው ሲያጥር በጉሮሯቸው ቱቦ አስገባና በእጅ የሚጨመቅ የትንፋሽ ከረጢት ገጠመበት። ማሽኑ ሌላ በሽተኛ ላይ ነበር። "እስኪለቃቸው ድረስ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ይጭመቅ" አለን።

በየተራ ጨመቅን። ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው እንኳ አይንቀሳቀስም፤ እንደ ግንድ ተጋድመዋል። ሰው ደግሞ የማይሰማው ሰው ፊት አፉ ይፈታል። አቶ ሸምሱ እየጨመቁ "ያ ካፖርት በስማቸው ወጪ የሆነ ነው። አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይፈርምልኛል?" አሉ። ታዬ "ምነው ያን የመኪና ጎማ ከግቢ ደብቄ ሳወጣ ባላዩኝ ኖሮ እያልኩ ስንት ቀን ተጨነቅኩ፤ አሁን ግን ይዳኑልኝ እንጂ ለማንም ይናገሩ" አለ። ዶክተር ስዩም ሰዓታቸውን እያዩ "ስንት ጉንጭ ይሆን የጠጡት? ልኩን ብናውቀው ትልቅ ነገር ነበር" ይላሉ። በተራዬ እኔ ወደ ጆሯቸው ተጠጋሁ። "ጋሽ ወልዴ፣ አውቄ ነበር። አንድ ስላይድ እስክጨርስ ዝም ብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው፤ እያለቀስኩ።

በማግሥቱ ጣታቸውን አንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ዓይናቸውን። ቱቦው ወጥቶላቸው አፋቸው ሲፈታ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን መሰላችሁ?

"ሸምሱ፣ ካፖርትህን ውሰድ!"

ጉድ ፈላ! ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። መርዙ አካልን እንጂ አእምሮን አይነካም ተብሎ አልነበር? የነገሩኝ እኮ ዶክተር ራሳቸው ናቸው፤ ግን ማን አስታወሰው። ታዬን "ጎማው ደህና ነው?" አሉት። ታዬ በዚያው ሳምንት ጎማውን መለሰ። ዶክተርን ደግሞ "ሁለት መለኪያ ነው፤ ጻፈው" አሏቸው። ዶክተርም እውነት ደብተር አውጥተው ጻፉ! ከጠርሙሱ የቀረውን አረቄ ሌላ አይጥ ላይ ሞከሩት፤ ያቺ አይጥ ዳቦ አልፈለገችም።

የጥያቄ ምልክቱ ተፋቀና የጂቡቲው ትል ስላይዴ በጠቆመው ቦታ፣ በሁለቱ መርዛማ ዘመዶቹ መሀል ገባ። "ከአያታቸው ወረሱት ማለት ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። "አናውቅም። ከሚበሉት ሊሆንም ይችላል። ያወቅነው አይጧ ተሳስታ አንቺ ልክ እንደነበርሽ ነው" አሉኝ። በዚያው ቀን፣ በዚያው እስክሪብቶ፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬን ፈርመው ሰጡኝ። ሁለቱም የሚገቡኝ ነበሩ። አቶ ሸምሱም ንጹሕ አልኮል በአንድ ቀን አስገዙ፤ ሕጉ ለካ ይሟሟል።

እኔን ግን ጋሽ ወልዴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ሁሉንም በሰሙት ሲያበሽቁ፣ የኔ ተራ መቼ ይደርስ ይሆን እያልኩ በሩን እገባ ነበር። "እንዴት አደርሽ ዘነቡ" ብቻ። አረቄያቸውንም አልተዉም፤ እትዬ ብርቄን ግን "ጠርሙሱ ላይ ካልጻፍሽበት አልጠጣም" አሏት። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ጡረታ የወጡ ዕለት ካፖርቱን ለአቶ ሸምሱ አስረክበው፣ አስፈርመው፣ ወደ ክፍሌ መጡ። ያለ ካፖርት ትንሽ ሰው ነበሩ።

"ዘነቡ፣ አንድ ስላይድ ማሸግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አሉኝ።

መጣልሽ አልኩ በልቤ። "ሰባት ደቂቃ ያህል" አልኳቸው።

"ሰባት።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔስ ስጠየቅ ውኃ ያልኩት ለምን ይመስልሻል?"

"አፍረው ነዋ፣ ሰው ፊት።"

"የምን ማፈር! ሰካራም መባል ለኔ ብርቅ ነው? ጠርሙሱ ያንቺ ነው፤ የብርቄ ክር አለበት። ይቺ ልጅ በሥራ ሰዓት ተደብቃ ትጠጣለች ለካ፣ ብናገር ያባርሯታል፣ ልጆች አሏት ብዬ ነው።"

እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ሳቁ።

"እኔም አንቺም ያንቺን እንጀራ ስንጠብቅ ትሉ ሊቀብረኝ ነበር እኮ!" አሉና መስኮቱን እንደ ልማዳቸው ከፍተው ወጡ።

አሁን ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ያቺ የሰባት ደቂቃዋ ስላይድ አለችኝ። አንድም አረፋ የለባትም፤ በሥራ ዘመኔ እንደሷ አጥርቼ ያሸግኩት የለም።

ይህን የምታነቡ የሙያ ልጆቼ፣ ጠርሙስ ላይ በውስጡ ያለውን፣ ቀኑንና ስማችሁን ጻፉ። ሳትጽፉ ቀርታችሁ አንድ ነገር ከደረሰ ደግሞ በያዛችሁት ሥራ ላይ እጃችሁን አቁሙና ወዲያው ተናገሩ።